ለፔጆ 404 ኤሲ ይገባታል?

ሐረር ላይ «መኪና» ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ዳር ልብስ ሰፊዎቹ የሚያንቀጫቅጩት የስፌት መኪና ነው። መንገዱም ስሙን ከድምፁ ወስዶ «መኪና ግርግር» ይባላል። ሁለተኛው ፔጆ ነው። ፔጆ ስል 404ን ማለቴ ነው። ሐረርን የጎበኘ ሰው ካሜራ ውስጥ ከጅብ ቀጥሎ የማትጠፋው እሷ ነበረች። (ጅቡ እንኳ ሲመሽ ነው የሚመጣው፤ ፔጆዋ ቀኑን ሙሉ አለች።)

ባጃጅ ከገባ ወዲህ ግን ፔጆዋ እንደ ድሮዋ አይደለችም። ስለ እሷ የሚነሳው ጥያቄም ተለውጧል። ድሮ «ትነሳለች ወይ?» ነበር፤ አሁን «እንዴት እናቆያት?» ሆኗል። ከዚሁ ጥያቄ ጋር ደግሞ ሌላ ተከትሎ መጥቷል። ከውጭ የመጣ ዘመድ ወይም ቱሪስት ድሬዳዋ ላይ ከአውሮፕላን ወርዶ በአሮጌ ፔጆ ሐረር መግባት ያምረዋል፤ ኤሲ ግን ይፈልጋል። ታዲያ ይገጠምላት ወይስ አይገጠምላት?

ቀልድ ይመስላል አይደል? እኔም መጀመሪያ የሳቅሁበት ጉዳይ ነው። ግን ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን ብንጎትተው ብዙ ነገር ይዞ ይመጣል። (ዓመቶቹን ሌላ ካላልኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

ከቃሉ እንጀምር። ፔጆ ውስጥ ያለውን ዕቃ ጥሩ። ኮፈን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ክሩስኮት... ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። «መኪና» የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው። መካኒኮቻችን ሙያውን ከማን እንደተማሩ ከአፋቸው ይታወቃል። ኤሲ ግን ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ የለም። በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። ጣሊያኖቹ በ1936 ሲገቡ መኪና ውስጥ የሚቀዘቅዝ ማሽን የተገጠመለት ለሽያጭ የቀረበ መኪና በዓለም ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ ስሙንም ሊተዉልን አይችሉም ነበር።

መጀመሪያ ያቀረበው የአሜሪካው ፓካርድ ነው። በ1939 አሳየ፣ ለ1940 ሞዴል ሸጠ፤ ዋጋው 274 ዶላር ተጨማሪ። የሚያቀዘቅዘው ክፍል ኋላ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ተቀምጦ ቦታውን ይበላ ነበር። ከሁሉ የሚያስቀው ማጥፊያ አልነበረውም። ብርድ ብርድ ያለው ሰው መኪናውን አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፈን ከፍቶ የኮምፕረሰሩን ቺንጋ በእጁ ማውለቅ ነበረበት። ሁለት ዓመት ያህል ተሸጦ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ክራይስለርና ጄኔራል ሞተርስ እንደገና ያዙት። በ1954 ናሽ የተባለው ኩባንያ ማሽኑን በሙሉ ከኋላ አውጥቶ ወደ ፊት፣ ሞተሩና ክሩስኮቱ ጋ አመጣው። ዛሬ የምናውቀው አቀማመጥ ከዚያ የወጣ ነው።

ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን የፋብሪካው ሳይሆን የጋራዡ ታሪክ ነው። እንደ ቴክሳስ ባሉ የሚያቃጥሉ የአሜሪካ አካባቢዎች ፋብሪካውን መጠበቅ የሰለቻቸው ሰዎች ከክሩስኮቱ ሥር የሚንጠለጠል ሳጥን መሥራት ጀመሩ። ኮምፕረሰሩ ሞተሩ ላይ በቺንጋ ይታሰራል፣ ኮንደንሰሩ ራዲያተሩ ፊት ይቆማል፣ ሳጥኑ ጉልበትህ ላይ ብርዱን ይተፋል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ይህ ሳጥን ራሱን የቻለ ትልቅ ንግድ ነበር። የስፖርት መኪኖቹም አላመለጡም። ሞተሯ ከኋላ ያለው ፖርሽ 911 እንኳ ሞቃት አገር ስትሸጥ ሻጮቹ ኤሲ ይጨምሩላት ነበር፤ ቱቦው ከኋላ ሞተር እስከ ፊት ወንበር እየተጎተተ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከሚሠሩት አዳዲስ መኪኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኤሲ ነበራቸው።

ስለዚህ «ኤሲ በአሮጌ መኪና ላይ መጨመር ታሪክ ማበላሸት ነው» ለሚሉኝ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። ያ የሚንጠለጠል ሳጥን የ404 የዕድሜ እኩያ ነው። መጨመሩም ራሱ የዘመኑ ታሪክ ነው። ክርክሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው ያለው።

እስኪ ወደ 404 እንምጣ። በ1960 ወጣች። ቅርጿን የሣለው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ሞተሯ 1,618 ሲሲ፣ በ45 ዲግሪ ወደ ጎን የተጋደመ፤ ጉልበቷ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ተራ የቤተሰብ መኪና ናት ብላችሁ እንዳትንቋት! የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አራት ጊዜ ያሸነፈች ናት። በ1963ም ሆነ በ1968 ያንን ውድድር የጨረሱት ሰባት ሰባት መኪኖች ብቻ ነበሩ። በጭቃና በአቧራ የስፖርት መኪና ማለት እሷ ናት፤ ዝቅ ያለችና ሁለት በር ያላት መሆን የለባትም።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገርም አላት። የራዲያተሯ ቬንትሌተር ሁልጊዜ አይዞርም። ውሃው ሲሞቅ ብቻ በኤሌክትሪክ ማግኔት ይያያዛል፤ ሲበርድ ይለቃል። ለምን? ቬንትሌተር መዞር ጉልበት ይበላል፣ ፔጆ ደግሞ ያችን ትንሽ ጉልበት እንኳ በከንቱ ማፍሰስ አልፈለገም። ልብ በሉ፤ ፓካርድ ያጣው ማያያዣና መልቀቂያ ይኸው ነው። ዛሬም የኤሲ ኮምፕረሰር በዚሁ ዓይነት ማግኔት ነው የሚበራና የሚጠፋው። ፔጆ ግን ብልሃቱን ያዋለው ለተሳፋሪው ሳይሆን ለሞተሩ ነው።

አሁን ወደ ዳገቱ። የጅቡቲው ባቡር በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ሲደርስ ሐረርን ትቶ ያለፈው ተራራው ስለከበደው ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። መንገዱ ከድሬ ወጥቶ ደንገጎ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሐረር ይገባል። በጠቅላላው 55 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሂሳቡን እንሥራው። 2,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ካርቡራተር ያለው ሞተርም በዚያው ልክ ይደክማል። የ70 ፈረሶቿ 56 ገደማ ሆኑ ማለት ነው፤ ያውም አዲስ ሳለች። የዚያ ዘመን ኮምፕረሰር ሲሠራ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ፈረስ ይወስዳል። ስድስት ሰው ታጭቆ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ጆንያ ተጭኖ፣ ደንገጎን እየወጡ አሥር ፈረስ መስጠት? ፈረስ መጋላ ድሮ የፈረስ ገበያ ነበር፤ ፈረስ ዋጋ እንዳለው ከሐረር በላይ የሚያውቅ የለም።

በዚህ ላይ ኮንደንሰሩ ራዲያተሩ ፊት ይቆማል ብያለሁ። ማለትም ራዲያተሩ የሚያገኘው አየር ቀድሞ የሞቀ ነው። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ፣ በዝግታ፣ ነፋስ ሳይኖር። ቴስታታ የሚያቃጥለው ይኼ ነው። በድሮዎቹ 404ዎች ላይ ያለው ዲናሞም ለመብራቱና ለባትሪው ተብሎ የተሠራ እንጂ ለኤሲ ማራገቢያ አይደለም።

አቦከር ውስጥ አንድ አሮጌ መካኒክ ጋ ሄጄ ጥያቄውን አቀረብኩለት። «ጋሼ፣ ፔጆ ላይ ኤሲ ይገጠማል?» አልኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ። «ሁሉም ነገር ይገጠማል» አለኝ። «ግን ወላሂ ሐረር ምን ይሞቃል አቦ! መስኮቷን ዝቅ አድርጊያታ።» መስኮቷን ዝቅ ላደርግ ስል እጀታው የለም። ሹፌሩ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ለአራቱም በር አንድ እጀታ ናት። (አዲስ አበባ ላዳ ላይ ያደጋችሁ ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ።)

መካኒኩ ልክ ነው። የሐረር አየር የሰውን ትዕግሥት አይፈትንም። ሙቀቱ ከደንገጎ በታች ነው። እዚያም ቢሆን ሰው ያለ ማሽን አልኖረም ማለት አይደለም። የወታደሩን ኮዳ የሚሸፍነውን ወፍራም ጨርቅ አስቡ። ጨርቁ ሲረጥብ፣ ነፋስ ሲነካው፣ ውሃው ይተናል፤ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የበረሃ ሹፌሮች ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ውጭ ሲያንጠለጥሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አሜሪካኖቹም ከኮምፕረሰር በፊት በ1930ዎቹ መስኮት ላይ የሚሰቀል፣ ውሃ የሞላው በርሜል የመሰለ ዕቃ ነበራቸው። ነፋሱ በእርጥብ ነገር ውስጥ አልፎ ቀዝቅዞ ይገባል። በደረቅ አገር ይሠራል፤ አየሩ ራሱ እርጥብ በሆነበት ግን አይረዳም። ከኮዳው የሚለየው ዋጋው ነው።

ስለ ጋዙ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል። የድሮዎቹን ኤሲዎች የሚያቀዘቅዘው ፍሪዮን (አር-12) ነበር። የዚህ ቤተሰብ ጋዞች በ1928 የተፈጠሩት በቶማስ ሚጅሊ ሥራ ነው። ይኸው ሰውዬ ከዚያ በፊት፣ በ1921፣ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ እንዲጨመር ያደረገ ነው! አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ መኪናን ሁለት ጊዜ መርዝ አጠጣት። በ1974 ሞሊና እና ሮውላንድ የተባሉ ሳይንቲስቶች ጋዙ ሰማይ ላይ ያለውን ኦዞን እንደሚበላ አሳዩ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት መጣ። በ1990ዎቹ መኪኖች ወደ አር-134ኤ ዞሩ። እሱ ኦዞን አይበላም፤ ምድርን ግን ያሞቃል። ስለዚህ በ2016 ኪጋሊ ላይ እሱንም ቀስ በቀስ ለመቀነስ ተስማሙ። እንግዲህ ዛሬ ከውጭ የመጣ የ1960ዎቹ ሳጥን አግኝቶ የሚያስገጥም ሰው ቱቦውንና ጎማውን ሁሉ ካልቀየረ በቀር የሚሞላው ጋዝ አያገኝም።

ከነቤንዚኑ መተካትስ? እሱም በር ጠቧል። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ አስከበደው፤ በ2024 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ያለችውን 404 የሚተካ ሌላ 404 ከየትም አይመጣም። አሁን ላይ የሚደረግባት እያንዳንዱ ቀዳዳ የማይመለስ ነው። ክርክሩ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ሐረር ይህን ክርክር ከዚህ በፊት በትልቁ ተከራክራዋለች። ጀጎል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ሲታጠር አምስት በሮች ነበሩት። ፈረስ፣ ግመል፣ አህያ፣ ሰው ይገባባቸዋል፤ መኪና ግን አይገባባቸውም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስድስተኛ በር ተከፈተ፣ በሐረሩ መስፍን በልዑል መኮንን ማዕረግ «ዱክ በር» የተባለው። (ልዑሉ ራሳቸው በግንቦት 1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ነው ያረፉት።) ከዱክ በር የሚነሳው ሰፊ መንገድ ፈረስ መጋላ ያደርሳል፤ ፔጆዎቹ የሚሰለፉትም እዚያው ነበር። በሌላ አነጋገር ግንቡ በተሠራ በ400 ዓመቱ ገደማ «ጭማሪ ዕቃ» ተገጠመለት፣ ያውም ለመኪና ተብሎ። በ2006 ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያንን በር ድፈኑ አላለም። ዛሬ ዱክ በር የሌለበት ሐረር አይታየኝም።

ግን ልዩነት አለ። ዱክ በር የተከፈተው ለከተማው ነው፤ አህያም መኪናም ይገባበታል። የኤሲው ቀዳዳ የሚበሳው አንድ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ከድሬ እስከ ደንገጎ ላብ እንዳያልበው ነው። የግንቡ ድንጋይም ከአካባቢው ይገኛል፤ የ404 ክሩስኮት ግን አይገኝም።

እኔ ብጠየቅ በከተማ ለምትሠራ የሐረር ፔጆ አልገጥምም። ድሬ ላይ ሙሽራ ለምታመላልስ ይገባኛል፤ ቬሎ ለብሶ በግንቦት የድሬ ፀሐይ መቀመጥ ቅጣት ነው። ዛሬ በባትሪ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ኮምፕረሰሮች ለአሮጌ መኪኖች ተብለው ይሸጣሉ፤ ቺንጋውን አይነኩም፣ ዲናሞው ግን በጠንካራ አልተርኔተር መለወጥ አለበት። የወለቀውን ዲናሞ አትጣሉት፤ ሻንጣው ውስጥ አስቀምጡት።

ከማስገጠማችሁ በፊት ደግሞ መካኒኩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ነገ ብፈታው ክሩስኮቱ ላይ ቀዳዳ ይቀራል?» ይቀራል ካላችሁ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።