የላሊበላ ተሳላሚና የላስታ አሳዳሪ

ወደ ሩቅ ከተማ ሊሄድ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር በየአገሩም በየዘመኑም አንድ ነው፤ በየት በኩል ልሂድ፣ ምን ልያዝ፣ የት ልደር፣ ከደረስሁስ በኋላ የቦታው ሥርዓት እንዴት ነው የሚል ነው። ወደ ላሊበላ የሚወጣው ተሳላሚ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚያገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቱ፣ ከንስሐ አባቱ፣ ወይም አምና ተሳልሞ ከተመለሰው ጎረቤቱ ስለ ነበረ፣ የመንገዱ ትምህርት ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሮአል። ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ሕንጻ የአገራችንም የውጭ አገርም ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ መንገዱና መንገደኛውን ተቀብሎ ስላሳደረው የላስታ ባላገር ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። በእኔ አስተያየት ላሊበላን ስምንት መቶ ዓመት ያህል ከዓለመ ክርስቲያን ጋር ያገናኛት ይኸው ባላገር ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ከእርሱ ደጃፍ ጀምሮ መናገር ይገባል።

የላስታ ምድር ለመንገደኛ የዋህ አይደለም። ከከተማይቱ በላይ የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,200 ሜትር ያልፋል፤ ከተማይቱም ራስዋ 2,500 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ የተከዜም ወንዝ ከዚሁ ደጋ መንጭቶ ገደሉን እየሰነጠቀ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ይወርዳል። የዛጕዬ ነገሥታት መናገሻቸውን በአደፋ ያደረጉት፣ ንጉሥ ላሊበላም በዐሥራ ሁለተኛው ምእት ዓመት መጨረሻና በዐሥራ ሦስተኛው መጀመሪያ ላይ ነግሦ በኋላ በስሙ ላሊበላ በተባለችው በሮሐ ዐለቱን ወደ ታች እያስፈለፈለ አብያተ ክርስቲያናቱን ያቆመው በዚህ መካከል ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ ጎልጎታ፣ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስና ብቻውን ራቅ ብሎ የቆመው ቤተ ጊዮርጊስ ከዐሥራ አንዱ መካከል ናቸው። በመካከላቸው የሚያልፈው ውሃ ዮርዳኖስ ተባለ፤ ደብረ ዘይትም፣ ቤተ ልሔምም በዚያው ስማቸውን አገኙ። በ1187 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን በአውሮፓ አቈጣጠር እናስቀምጣለን) ሳላሕ አድ-ዲን ኢየሩሳሌምን ከመስቀላውያን እጅ ስለ ወሰደ፣ የኢየሩሳሌም መንገድ ላስጨነቀው ምእመን ንጉሡ በአገሩ ሌላ ኢየሩሳሌም ሊያዘጋጅለት አሰበ እየተባለ ይነገራል።

በዚያው ዘመን ከኛ እጅግ ርቆ በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ዛሬ ካምቦዲያ በምትባለው አገር፣ ጃያቫርማን ሰባተኛ የተባለ ንጉሥ ከ1181 ዓ.ም. ጀምሮ ነግሦ በአንግኮር ከተማ ከድንጋይ ታላላቅ መቅደሶችን ያሠራ ነበር። ሁለቱ ነገሥታት አንዱ የሌላውን ስም ሳይሰማ በአንድ ትውልድ ውስጥ ድንጋይን ለጸሎት ማስገዛታቸው ያስደንቃል፤ ነገር ግን ለኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ስለ መንገደኛ ያደረጉት ነው። የአንግኮሩ ንጉሥ በ1191 ዓ.ም. ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሕፈት፣ በአውራ ጎዳናዎቹ ላይ መንገደኛ የሚያርፍባቸው እሳት ያለባቸው 121 ቤቶች እንደ ነበሩ ተመዝግቦአል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ወደዚያ ከተማ የመጣው ቻይናዊ መልእክተኛ ዡ ዳጓንም በየመንገዱ ማረፊያ ስፍራ መኖሩን ጽፎአል። በላስታ መንገድ ላይ ግን እንዲህ ያለ በንጉሥ ትእዛዝ የተሠራ የማረፊያ ቤት ረድፍ አይታይም። የአንግኮር ማረፊያዎች መንግሥቱ ሲደክም ጫካ በላቸው፤ የላስታው ማረፊያ ግን የእያንዳንዱ ባላገር ቤት ስለ ነበረ፣ የዛጕዬ መንግሥት በ1270 ዓ.ም. ካለፈም በኋላ እሳቱ አልጠፋም።

የመንገዱ የመጀመሪያ ምክር የጊዜ ምክር ነው። በክረምት ተከዜና ገባሮቹ ስለሚሞሉ፣ ከጎንደርና ከጎጃም በጋይንትና በመቄት በኩል የሚመጣው ተሳላሚም ሆነ ከትግራይ በሰቆጣ በኩል የሚወርደው፣ መስከረም ጠብቶ ውሃው እስኪጎድል ድረስ ከቤቱ አይንቀሳቀስም ነበር። ታላቁ በዓል ግን የልደት በዓል ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታችን ልደት ሲከበር የንጉሥ ላሊበላም ልደት አብሮ ስለሚታሰብ፣ ጉዞው ኅዳር 15 ቀን በሚገባው በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል። ጊዜው የአዝመራ መክተቻ ነው፤ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ የሚገባበት ወራት በመሆኑ አሳዳሪው ለእንግዳ የሚያቀርበው አያጣም፤ እንግዳውም ጾመኛ ስለ ሆነ ሥጋና ቅቤ አያስፈልገውም። ድኻ አገር ይህን የሚያህል ሕዝብ በየዓመቱ ተቀብሎ ሊያስተናግድ የቻለው፣ በዓሉ ጎተራ በሚሞላበትና ማዕድ በጾም በሚቀልበት ወራት በመዋሉ ጭምር እንደ ሆነ አምናለሁ።

ሁለተኛው ምክር የስንቅ ነው። ተሳላሚው በስልቻው በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ይቋጥራል፤ ውሃ በቅል ይይዛል፤ በሶው በውሃ ተበጥብጦ ስለሚጠጣ ማገዶ አይፈልግም። ጋቢ ለብሶ፣ በትር ይዞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር በማኅበር ይወጣል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ሽፍታውንም፣ የመቄትን ውርጭም፣ የቆላውን ወባም ብቻውን ይጋፈጣልና የማኅበር ጉዞ ከሁሉ የጸና ምክር ነበር። እኅቶቻችንና እናቶቻችንም ሕፃን አዝለው፣ ሳምንታት የሚፈጀውን ዳገትና ቁልቁለት በባዶ እግራቸው ይወጡት እንደ ነበር መርሳት አይገባም።

ስንቅ ግን እስከ መንገዱ መጨረሻ አያደርስም፤ የሚያደርሰው ማደሪያው ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽማግሌው ወደ አንድ ግቢ ቀረብ ብሎ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ «ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን፤ አሳድሩን» ይላል። ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ውሻው ይታሰራል፤ በሩ ይከፈታል። ብዙውን ጊዜ ቤቱ በላስታ እንደሚሠራው ክብ ሆኖ በድንጋይ የተገነባ፣ አንዳንዱም ደርብ ያለው ነው። እንግዶቹ በመደቡ ላይ ከተቀመጡ በኋላ እመቤቲቱ ወይም የቤቱ ትልቅ ልጅ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ይዞ ይመጣል፤ ዝቅ ብሎ፣ የእንግዳውን ተረከዝ በመዳፉ ይዞ፣ በስንጥቁ ውስጥ የገባውን አፈር በጣቱ እያወጣ ያጥባል፤ ካጠበም በኋላ እግሩን ይስማል። እንግዳው «ተው ልጄ» እያለ ቢከላከልም አይሰማም፤ ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቦአልና። ከዚያ የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ወይም ንፍሮ፣ ካለም ጠላ ይቀርባል፤ ቁርበት ይነጠፋል።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ አይከፈልም፤ ልክፈል ማለትም ባለቤቱን ማስቀየም ነው። እንግዳው የሚከፍለው በምርቃትና በአደራ ነው። ጧት ሲነሣ ባለቤቱ አንድ ጧፍ፣ ወይም ጥቂት ዕጣን፣ ወይም ሳንቲም ያስይዘውና ስመ ክርስትናውን፣ የሞቱበትንም ዘመዶች ስም ነግሮት፣ «በደጁ አሳስብልኝ» ይለዋል። ስለዚህ ወደ ላሊበላ የሚደርሰው ተሳላሚ የራሱን ስለት ብቻ ይዞ አይገባም፤ ያሳደሩትን ሰዎች ሁሉ ስም ተሸክሞ ይገባል። ከተማይቱ አጠገብ እየኖረ በሽምግልና ወይም በሕመም ምክንያት ወደ በዓሉ ሊደርስ ያልቻለ ባላገርም በእንግዳው እግር ይሳለማል።

የውጭ አገር መንገደኞችም በዚሁ መንገድ መጥተዋል። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ካህኑ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 ዓ.ም. በሊዝቦን ታተመ። ያየውን ሲዘረዝር አንባቢ አያምነኝም ብሎ ስለ ፈራ፣ የጻፈው ሁሉ እውነት ስለ መሆኑ በእግዚአብሔር ስም እስከ መማል ደርሶአል። ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ በ1882 ዓ.ም. ስለ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናቱ መጽሐፍ አወጣ፤ ኢጣልያዊው ሞንቲ ዴላ ኮርቴም በ1939 ዓ.ም. መጥቶ ሕንጻዎቹን አጥንቶ ጻፈ። በራፍሬ ዘመን የሚመጣ ባለ ጓዝ መንገደኛ ማርትሬዛ ብርና አሞሌ ጨው፣ በቅሎና ጫኝ፣ ከሁሉም በላይ ከአገረ ገዢው የመሸኛ ደብዳቤ ያስፈልገው ነበር። የእኛ ተሳላሚ ግን ከእነዚህ አንዱንም ሳይዝ ይደርስ ነበር፤ የመሸኛ ደብዳቤው የእግዜር እንግዳነቱ ነበርና።

ከተደረሰ በኋላ ያለው ምክር ዛሬም አልተለወጠም። ለልደት የሚመጣ ሰው ከበዓሉ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ ቢደርስ መልካም ነው፤ በዋዜማው ሜዳው ሁሉ በተሳላሚ ይሞላልና። ነጠላ ወይም ጋቢ ያስፈልጋል፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ጫማ በደጁ ይወልቃል፤ ወንድና ሴት በየመግቢያቸው ይገባሉ። ስጦታ ያለው ሰው በመንገድ ላገኘው ሁሉ ከሚበትን ለገበዙ ቢያስረክብ ይሻላል። በቤተ ገብርኤልና በቤተ መርቆሬዎስ በኩል ያለውን የጨለማ ዋሻ መብራት አጥፍቶ ማለፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ተሳላሚው ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ፣ የፊተኛውን ሰው ትንፋሽ እየሰማ፣ ሲኦልን እያሰበ ይሄድና ወደ ብርሃን ሲወጣ «ተመስገን» ይላል። በልደት ጧት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ማርያም የሚዜመውን ቤዛ ኩሉ ሊሰማ የሚወድ ሰው ደግሞ ሳይነጋ ቦታ መያዝ አለበት። ካህናቱ ሁለት ወገን ሆነው፣ አንዱ ወገን በታች በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ፣ ሌላው በላይ ማሜ ጋራ በተባለው የዐለቱ ጠርዝ ላይ ቆመው፣ መላእክትንና እረኞችን እየመሰሉ ይቀባበላሉ፤ ከበሮውና ጸናጽሉ ከዐለቱ ግንብ ጋር ሲጋጭ ድምፁ በደረት ውስጥ ይሰማል።

ጊዜ ያለው ሰው ከከተማይቱ ወጥቶ አሸተን ማርያምን፣ ነአኩቶ ለአብን፣ ገነተ ማርያምንና ይምርሐነ ክርስቶስን ሳይሳለም አይመለስ። ይምርሐነ ክርስቶስ በሰፊ ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ንብብር፣ በአክሱም ዘመን የሕንጻ ሥርዓት የተሠራ ሲሆን፣ ከሕንጻው በስተ ጀርባ የብዙ ሰዎች ዐፅም ተኝቶ ይታያል። እነዚህ ከሩቅ አገር መጥተው፣ ከተሳለሙ በኋላ ወደ አገራቸው መመለስን ትተው በዚያው ያረፉ ተሳላሚዎች ናቸው ተብሎ ይነገራል። ስማቸውን የጻፈ የለም።

የኋለኛው ታሪክ ፈጣን ነው። በ1960ዎቹ አውሮፕላን በበጋ ወራት በሣር ሜዳ ላይ ማረፍ ጀመረ፤ ሰባት ወይራ ሆቴል ተከፈተ፤ ሳንድሮ አንጀሊኒ የተባለው ኢጣልያዊ የሕንጻ ሊቅ የእድሳቱን ሥራ መራ፤ በ1978 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን በዐሥራ ሁለት ስፍራዎች ሲከፍት ላሊበላ ከእነዚያ አንዷ ሆነች። ዛሬ አውሮፕላኑ በሹምሸሃ ያርፋል፤ አውቶቡሱም ከወልድያ በጋሸና በኩል ይወጣል። በመካከሉ ግን የወሎን ገበሬ በ1973ና በ1984 ዓ.ም. ረኃብ መታው፤ በ2021 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት ከተማይቱ ድረስ ገባ፤ የውጭ አገር እንግዳ ቀረ፤ በእንግዳ የሚተዳደረው ሕዝብም እጅግ ተቸገረ። በዚህ ሁሉ የአገር ልጅ ተሳላሚ ፈጽሞ አልተቋረጠም፤ የከተማይቱም ሰው ለልደት የሚመጣውን እንግዳ እግር ማጠቡን አልተወም። የሆቴል ገቢ በሰላምና በጦርነት ሲወጣና ሲወርድ፣ የገበቴው ውሃ ባለበት መቆየቱ የዚህን ሕዝብ ታላቅነት ከማናቸውም መዝገብ ይልቅ ያስረዳል።

እነሆ፣ ዐለቱን የለኩ ብዙዎች ናቸው። የቤተ ጊዮርጊስ ቁመትና ወርድ፣ የቤተ መድኃኔ ዓለም አዕማድ ቍጥር በየመጽሐፉ ይገኛል። ተሳላሚው ከጎጃም ተነሥቶ የመጀመሪያውን ሌሊት የት እንዳደረ፣ ተከዜን በየትኛው መሻገሪያ እንዳለፈ፣ ከየትኛው መንደር ማን እንደ ተቀበለው የሚያስረዳ መዝገብ ግን አላየሁም። በእግራቸው የተጓዙት አረጋውያን እያለፉ፣ አውቶቡሱም የቀድሞውን መንገድ እያስረሳ በመሄዱ፣ የላስታና የአካባቢው አድባራት አስተዳዳሪዎች፣ የየሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶችና የታሪክ ተማሪዎች በየሰፈራቸው ያሉትን ሽማግሎችና እናቶች ቀርበው እየጠየቁ፣ የማደሪያዎቹን ስምና ቅደም ተከተል እንዲጽፉ እለምናለሁ። ለዘንድሮ ልደት የምትወጣ አንባቢ ሆይ፣ አንተም በመንገድህ ያሳደሩህን ሰዎች ስም መጠየቅህንና በደጁ ማሳሰብህን አትተው።