የቴሌኮሙኒኬሽን ውድድርና ተቆጣጣሪው፦ ከወላይታ ሶዶ ሲታይ

የኢትዮጵያ የቴሌፎን ታሪክ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ በአፄ ምኒልክ ትእዛዝ ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋራ የሚያገናኝ የ477 ኪሎ ሜትር መስመር ተወጠነ፤ በዚያው ዓመት የንጉሥ ጦና ወላይታ በምኒልክ ጦር ተሸንፎ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ዋለ። ሽቦው ከመነሻው የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሎቱ ከመንግሥት እጅ አልወጣም።

በ1989 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 49 አገልግሎት ሰጪውን ኮርፖሬሽን ከተቆጣጣሪው ኤጀንሲ ለየ። ኢንተርኔት ለሕዝብ የቀረበውም በዚሁ ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ዳኛ ቢሾምም ተሟጋቹ አንድ ብቻ ነበር። ኮርፖሬሽኑ በ2003 ዓ.ም. በኢትዮ ቴሌኮም ሲተካም ብቸኝነቱ አልተነካም።

በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው ኩባንያ ትንንሾቹን ኩባንያዎች ከረጅም ርቀት መስመሩ ጋራ ለማገናኘት ቃል የገባው እ.ኤ.አ. በ1913 በመንግሥት ግፊት ነው፤ በ1984 ደግሞ የየአካባቢው ድርጅቶቹ ከእርሱ ተነጠሉ። እዚያ መንግሥት የሚቆጣጠረው የግል ባለሀብትን ነበር፤ በእኛ አገር ግን የገበያው የበላይ የመንግሥት የራሱ ንብረት ነው።

አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ሲያቋቁም ይህን ችግር ተረከበ። ሳፋሪኮም የሚመራው ማኅበር በ2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አግኝቶ፣ በነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ፣ መስከረም 26 ቀን 2015 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ገበያ ሲገባ ግን የተፎካካሪው ኤም ፔሳ እስከ ነሐሴ 2015 መጠበቅ ነበረበት። በገንዘብ ዝውውር ሁለት ዓመት መቅደም ቀላል ብልጫ አይደለም።

በዚያው ነሐሴ ወር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ወላይታ ሶዶም መቀመጫው ሆነች። የዞኑ ገጠር ሕዝብ እጅግ የተጠጋጋ፣ የእርሻ ማሳው ጠባብ ነው፤ ወጣቱ ለሥራ ወደ ሌሎች ከተሞች እየወጣ ለወላጆቹ ገንዘብ ይልካል። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ የመላኪያው ዋጋ የእለት ጉዳይ ነው።

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ እስከ ቆላው ቀበሌ ድረስ ሁለተኛ ማማ ማቆም ግን ለአዲስ ገቢ አያዋጣም። ማማ በተመጣጣኝ ኪራይ ካልተጋራ፣ ከአንዱ መረብ ወደ ሌላው መደወልም ካልረከሰ፣ ውድድሩ በትልልቅ ከተሞች ታጥሮ ይቀራል። ስለዚህ የባለሥልጣኑ ነፃነት የሚመዘነው ለስንት ድርጅት ፈቃድ በመስጠቱ ብቻ ሳይሆን፣ የባለቤቱን ኩባንያ ለማዘዝ ባለው ድፍረት ነው።