ክብደት

ክብደት የሚለው ስም «ከብደ» ከሚለው የግእዝ ግስ የተወለደ ሲሆን፥ በሥነ ፍጥረት ሊቃውንት አንደበት ግን ምድርም ሆነች ጨረቃ አንዱን ግዙፍ አካል ወደ ማእከሏ የምትስብበትን ኃይል ያመለክታል እንጂ፥ በአካሉ ውስጥ ያለውን የቁስ መጠን አያመለክትም፤ ስለዚህም በምድር 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጨረቃ ላይ ቢወጣ፥ ከሥጋው አንዲት ቅንጣት ሳትጐድል፥ ክብደቱ ወደ ስድስተኛው እጅ ይወርዳል።

«ከአንድ ኩንታል ጥጥና ከአንድ ኩንታል ብረት የትኛው ይከብዳል?» የሚለውን የልጅነት ጥያቄ እጅግ እወደዋለሁ፤ «ብረት» ብሎ የመለሰውን ልጅ ሁላችንም ፈጥነን እናርመዋለን፤ እርማታችን ራሱ ግን ምርመራ ይሻል። ጠያቂው «ኩንታል» ሲል የቁሱን መጠን ማለቱ እንደ ሆነ፥ ጥጡ ራሱ ብዙ ስፍራ ስለሚይዝ በዙሪያው ያለው አየር፥ ውኃ ቡሽን እንደሚያነሣ ሁሉ፥ ከብረቱ አብልጦ ወደ ላይ ይደግፈዋል፤ በመሆኑም ሁለቱ በቁስ ፍጹም ትክክል ሆነው ሳሉ፥ ሚዛኑ በጥቂቱ ወደ ብረቱ ያዘነብላል። ያ የታረመው ልጅ፥ ምክንያቱን ባያውቀውም፥ ከእውነት አልራቀም ነበር፤ ሁለቱ ሸክሞች በሚዛን የሚተካከሉት አየሩ ፈጽሞ ተመጥጦ በወጣበት ባዶ ስፍራ ነው።