ለአደጋ በተጋለጠ እርግዝና የፅንሱን ደኅንነት መከታተል

ማንኛውም እርግዝና ክትትል ያስፈልገዋል። የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም ወይም የደም ማነስ ያለባት፣ መንታ ያረገዘች፣ አለዚያም ቀደም ሲል ፅንስ በማኅፀኗ የሞተባት እናት ግን የተለየ ጥንቃቄ እንደሚያሻት የሕክምና ባለሙያዎች ያስረዳሉ። እንደ መተሐራ፣ መቂና ባቱ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የወባ ሥጋት ይታከልበታል። የወባ ተውሳክ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ስለሚከማች፣ እናቲቱ ትኩሳት ሳይሰማት እንኳ ፅንሱ የሚያገኘው ምግብና ኦክስጅን ሊቀንስ ይችላል። ነፍሰጡሮች በአጎበር ውስጥ እንዲተኙ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፅንሱ በአግባቡ ማደጉን ለማወቅ በቅድሚያ የእርግዝናው ዕድሜ መታወቅ አለበት። ብዙ እናቶች እርግዝናቸውን ሸሽገው ዘግይተው ወደ ጤና ጣቢያ ስለሚመጡ ይህ አስቸጋሪ ይሆናል። የመጨረሻው የወር አበባ የታየበት ቀን ቢዘነጋ እንኳ በአቅራቢያው የዋለ በዓል ማስታወስ ለአዋላጅዋ ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2016 ባወጣው መመሪያ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራ፣ በጠቅላላው ደግሞ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ክትትል እንዲደረግ መክሯል። ከ24ኛው ሳምንት ወዲህ የማኅፀን ከፍታ በሴንቲ ሜትር ሲለካ ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባል፤ በ30ኛው ሳምንት 30 ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

በቤት ውስጥ ዋነኛው ምልክት የፅንሱ እንቅስቃሴ ነው። "መውለጃው ሲቃረብ ልጁ ይረጋጋል" የሚለው የተለመደ አባባል ስሕተት ከመሆኑም በላይ ሕይወት ያስከፍላል። እንቅስቃሴው የቀነሰባት እናት በግራ ጎኗ ተኝታ ትከታተል። በሁለት ሰዓት ውስጥ 10 እንቅስቃሴ ካልቆጠረች እስኪነጋ ሳትጠብቅ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ይገባታል። ቁጥሩ ቢሞላም ከወትሮው የተለየ ነገር ከተሰማት መሄዷ ተገቢ ነው፤ የልጇን ጠባይ ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለምና። ከፍተኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የደም መፍሰስ ወይም የእንሽርት ውሃ መፍሰስም ቀጠሮ አይጠብቅም።

በጤና ጣቢያ አዋላጅዋ የፅንሱን የልብ ምት በፌቶስኮፕ ታዳምጣለች። ፈረንሳዊው ሐኪም አዶልፍ ፒናር እ.ኤ.አ በ1895 የሠራው ይህ የቀንድ ቅርጽ ያለው ማዳመጫ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ በመሆኑ ዛሬም አገልግሎት ይሰጣል። ጤናማው ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። ከዚህ የዘለቀ ምርመራ ሲያስፈልግ እናቲቱ ቀደም ሲል የኃይለማርያም ማሞ መታሰቢያ ይባል እንደነበረው የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ወዳሉ ሆስፒታሎች ትላካለች። በዚህ ደረጃ የሚደረጉት ምርመራዎች የልብ ምቱን በመሣሪያ ለ20 ደቂቃ ያህል መመዝገብን፣ የእንሽርት ውሃውን መጠን በአልትራሳውንድ መለካትንና በዶፕለር በእትብቱ ውስጥ ያለውን የደም ዝውውር ማየትን ያካትታሉ።

የምርመራዎቹ ዓላማ ፅንሱ በማኅፀን ቢቆይ ይሻለዋል ወይስ ቢወለድ የሚለውን ለመወሰን ነው። ከ34ኛው ሳምንት በፊት መወለዱ የማይቀር ከሆነ ሳንባው እንዲጠነክር ለእናቲቱ መርፌ ይሰጣታል። መኖሪያዋ ከሆስፒታል የራቀ እናት ደግሞ መውለጃዋ ከመድረሱ አስቀድማ በእናቶች ማቆያ እንድትሰነብት ይመከራል።