ድምፁን አጥፍተን ያየነው ፍልሚያ

የኪንሻሳውን ፍልሚያ ያልሰማ የለም። ቦክስ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ወሬውን ከሆነ ቦታ ቃርሟል። ወሬው ባጭሩ ይህ ነው፦ መሐመድ አሊ ዕድሜው ገፍቷል፤ ጆርጅ ፎርማን ደግሞ ሰው ሳይሆን መዶሻ ነው። አሊ ገመዱን ተደግፎ፣ ፊቱን በጓንቱ ከልሎ፣ ሰባት ዙር ሙሉ ይደበደባል። ፎርማን ሲመታ ሲመታ ይደክመዋል። በስምንተኛው ዙር አሊ ከገመዱ ላይ ብድግ ይልና ይዘርረዋል። አለቀ፣ ደቀቀ።

ይህን ወሬ የማይወድ ማን አለ? ሰባኪው ይወደዋል። “የስኬት ቁልፍ” የሚል መጽሐፍ የሚጽፈው ይወደዋል። የመሥሪያ ቤት አለቃማ ነፍሱ ነው። ምክንያቱም ትምህርቱ ቀላል ነው፤ “ቻለው፣ የሚመታህ ራሱ ይደክመዋል።” የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል እንደማለት ነው፤ ያውም በጓንት።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ፍልሚያው ተቀርጿል። ቪዲዮውን ቁጭ ብሎ ላየው ሰው ደግሞ ወሬው የሚለውን አይልም።

በዚህ ነገር እርስ በርሳችን ብዙ ተጨቃጭቀናል። በመጨረሻ የተስማማንበት መላ ይህ ነው፦ ስምንቱንም ዙር ሳይቆራረጥ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ማየት። ዙሩን ላሸነፈ 10፣ ለተሸነፈ 9። ድምፁን ማጥፋቱ ቀልድ አይደለም። የተመልካች ጩኸትና የተንታኝ ድንጋጤ ዓይንን ጎትቶ ይወስዳል፤ ክንድ ላይ ያረፈ ቡጢ አገጭ ላይ ያረፈ ያስመስላል። ድምፁ ሲጠፋ የሚቀረው የተመታውና ያልተመታው ብቻ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እናንሳው።

መዶሻውና ስደተኛው ሻምፒዮን

ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1974 ነው። ፎርማን 25 ዓመቱ ነው። 40 ጊዜ ተጋጥሞ 40ውንም አሸንፏል፤ ከእነዚህ 37ቱ እስከ መጨረሻው ዙር አልደረሱም። እስከዚያ ጊዜ ድረስ አሊን ያሸነፉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ጆ ፍሬዘርና ኬን ኖርተን። ፎርማን በ1973 ፍሬዘርን ጃማይካ ኪንግስተን ላይ በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ መሬት አስልሶታል። በ1974 ደግሞ ኖርተንን ካራካስ ላይ በሁለተኛው ዙር ሸኝቶታል። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት።

አሊ 32 ዓመቱ ነው። ቬትናም አልዘምትም በማለቱ በ1967 የሻምፒዮንነት ማዕረጉን ተነጥቆ፣ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከሪንግ ርቋል። ሲመለስ ያ እንደ ቢራቢሮ የሚንሳፈፈው እግር እንደ ድሮው አልነበረም። ስለዚህ ከፍልሚያው በፊት ብዙዎቹ ጋዜጠኞች “ያሸንፋል ወይ?” ብለው አይደለም የተጨነቁት፤ “በሰላም ይወርዳል ወይ?” ብለው ነው።

አዘጋጁ ዶን ኪንግ ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገባ። ገንዘቡ ግን ኪሱ ውስጥ አልነበረም። ወጪውን የዛየሩ (የዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ) አምባገነን ሞቡቱ ሴሴ ሴኮ ቻለው፤ አገሩም ራሱም በዓለም ፊት እንዲታዩ ፈልጎ። ፍልሚያው በሴፕቴምበር ሊካሄድ ተወስኖ ነበር። ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን ፎርማን በልምምድ ላይ ከዓይኑ በላይ ተሰነጠቀና ወደ ኦክቶበር 30 ተገፋ። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ላይ ንጉሡ ከዙፋናቸው ከወረዱ ገና ሰባት ሳምንት ያህል ነው፤ እዚህ ሰዉ ሌላ ፍልሚያ ላይ ነበር።

የኪንሻሳ ሰው ደግሞ ምርጫውን ከጨረሰ ቆይቷል። አሊ በየመንገዱ ከሰው ጋር እየተቀላለደ ሰነበተ። ፎርማን ጀርመን ሼፐርድ ውሻውን ይዞ መጣ፤ ያ ዓይነት ውሻ ለኮንጎዎች የቤልጂየም ቅኝ ገዢዎችን ፖሊስ ነው የሚያስታውሳቸው። ሁለቱም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ የሰዉ ልብ ግን ወደ አንዱ ሄደ። “አሊ ቦማ ዬ!” አለ ከተማው በሊንጋላ። “አሊ፣ ግደለው!” እንደማለት ነው።

ወረቀታችን ምን ይላል?

ፍልሚያው የተጀመረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። አሜሪካ ውስጥ ገና ምሽት ስለነበር ለዚያኛው ተመልካች እንዲመች ተብሎ ነው። ስታዲየሙ ውስጥ 60 ሺህ ያህል ሰው አለ።

አንደኛ ዙር። ወሬው እንደሚለው ከሆነ አሊ እዚህ ላይ መሸሽ ነበረበት። ቪዲዮው ላይ ግን ፈጥኖ የሚመታው አሊ ነው። ያውም በቀኝ እጁ፣ በግራ ጃብ ሳያዘጋጅ፣ ቀጥታ ፊቱ ላይ። ቦክስ ለማትከታተሉ ትንሽ እናብራራ፦ አሊ የሚቆመው ግራ እጁን አስቀድሞ ነው። ቀኙ ከኋላ ስለሚነሳ መንገዱ ረጅም ነው፤ ባላጋራው ሲመጣ ያየዋል። ሻምፒዮን ላይ በቀኝ መጀመር ድፍረት ብቻ ሳይሆን ስድብም ነው። ፎርማን እንዲህ ያለ ነገር ጨርሶ አልጠበቀም። ወረቀታችን፦ አሊ።

በዚያው ዙር ግን ሌላም ነገር ይታያል። ፎርማን እንደሚባለው ደደብ በሬ አልነበረም። አሊ ወደ ጎን ሁለት እርምጃ ሲሄድ እሱ በአንድ እርምጃ መንገዱን ይዘጋበታል። ሪንጉን ማጥበብ የሚባለው ጥበብ ይህ ነው፤ ፎርማን ደግሞ አዋቂ ነበር። አሊ በዚህ ሒሳብ 15 ዙር ከጨፈረ እግሩ እንደሚከዳው ገባው።

ሁለተኛ ዙር ላይ ወደ ገመዱ ሄደ። እኛ የተጣላነው እዚህ ዙር ላይ ነው። ግማሻችን ለፎርማን ሰጠን፤ ግማሻችን “ስንቱ ቡጢ ነው ያረፈው? ቁጠሩ እንጂ!” አልን። በእርግጥ ፎርማን ብዙ ይወረውራል፤ ጎንና ሆድ ላይ ያረፉትም የሚያሙ ናቸው። ጭንቅላቱን የፈለጉት ግን አብዛኞቹ ክንድና ጓንት ላይ ቀርተዋል፤ ወይም አየር መትተዋል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዙሮች ደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። ዙሩ ሊያልቅ ሲል አሊ ከገመዱ ላይ ሆኖ ሁለት ሦስት ፈጣን ቀጥታ ቡጢዎች ፎርማን ፊት ላይ ያሳርፋል። በሦስተኛው እንዲህ አደረገ። በአምስተኛው ደግሞ ፎርማን ያለውን ሁሉ አራግፎ ሲያበቃ፣ አሊ በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች የሰጠው መልስ ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ ሲያዞረው ይታያል። በስድስተኛው ጃቡ እንደፈለገ ይገባል። ሰባተኛው ላይ ፎርማን የሚወረውራቸው ቡጢዎች መዶሻ መሆናቸው ቀርቶ እንደ በር መግፋት ሆነዋል።

ታዲያ ይህ “የተደበደበ” ሰው ነው? የእኛን ወረቀት ተዉት። በዚያ ሌሊት ነጥብ የያዙት ሦስት ሰዎች፣ ዳኛው ዛክ ክሌይተንና ሁለቱ የነጥብ ዳኞች፣ ፍልሚያው እስከተቋረጠበት ድረስ ሦስቱም አሊን ነበር ያስመሩት። ስምንተኛው ዙር ባይመጣም እየመራ ነበር ማለት ነው። ፎርማን መምታት ብቻ አይደለም ያደከመው። መመታትም ነው።

ስምንተኛው ዙር ሊያልቅ ሴኮንዶች ሲቀሩት አሊ ከገመዱ ዞር ብሎ ወጣ። ቀኝ፣ ደግሞ ቀኝ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ቀና ያደረገ ግራ ሁክ፣ ከዚያ ያ ቀጥታ ቀኝ። ፎርማን እየተሽከረከረ ወደቀ። እዚህ ላይ ቪዲዮውን አቁማችሁ እዩ። ፎርማን በመውደቅ ላይ እያለ አሊ ሌላ ቀኝ ሊወረውር አነሳና አልወረወረውም፤ እጁን እንዳነሳ አብሮት ዞሮ ሲወድቅ አየው። ሰዓቱ 2 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ነበር።

ያልተቋጩ ጭቅጭቆች

አንደኛ፦ የገመዱ ስልት ታቅዶ ነበር ወይ? አሊ ከፍልሚያው በፊት እጨፍራለሁ ሲል ነው የከረመው። አሰልጣኙ አንጀሎ ደንዲም ከማዕዘኑ ሆኖ ከገመዱ ውጣ እያለ ይጮህበት ነበር። የስልቱ ስምም የገነነው ከፍልሚያው በኋላ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አሊ በልምምድ ጊዜ ገመድ ተደግፎ አጋሮቹን የማስደብደብ ልማድ ነበረው። የእኛ ፍርድ፦ ልምዱ ነበረው፤ ዕቅዱ ግን የተወለደው እዚያው ሪንግ ውስጥ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ዙር መካከል ነው። ይህ ደግሞ ከተንኮል በላይ ያስደንቃል።

ሁለተኛ፦ ገመዱን ማን አላላው? የፎርማን ሰዎች ደንዲን ከሰሱ። ደንዲ እስከ መጨረሻው አስተባበለ፤ ሙቀቱና እርጥበቱ ነው ያላላው፣ እንዲያውም እኔ ላጠብቀው ነው የሞከርኩት አለ። ገመዱ መላላቱ በቪዲዮው ላይ ግልጽ ነው። የገመዱ መላላት ግን የአንደኛውን ዙር ቀኝ ቡጢዎች አያብራራም።

ሦስተኛ፦ ቆጠራው። ክሌይተን አሥር ሲል ፎርማን ሊነሳ ምንም አልቀረውም። ቢነሳ ኖሮ የቀሩት ሁለት ሴኮንዶች ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ የአንድ ደቂቃ ዕረፍት። ከእኛ መካከል አንዷ ይህ ነገር እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም። እንዳይዋጥላትም መብቷ ነው።

ወሬው የደበቀው

ወሬው ዝም ብሎ ውሸት ቢሆን ባልተጨቃጨቅን። ነገር ግን የሦስት ወገኖችን ታሪክ ደብቆብናል።

አንዱ ፎርማን ነው። ወሬው ሞኝ አድርጎት ቀረ። እሱም ለዓመታት ገመዱን፣ ቆጠራውን፣ የጠጣውን ውሃ ሳይቀር ሲወቅስ ኖረ፤ በኋላ ግን ተበልጬ ነው ብሎ አመነ። በ1977 ቦክስ ትቶ ሰባኪ ሆነ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመለሰ፤ በ1994 በ45 ዓመቱ ማይክል ሙረርን በአሥረኛው ዙር ዘርሮ ዳግም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ያን ቀን የለበሰው የኪንሻሳውን ቀይ ቁምጣ ነው። ማዕዘኑ ላይ ቆሞ የነበረው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አንጀሎ ደንዲ!

ሁለተኛው አሊ ነው። “ቻለው” የሚለው ትምህርት ዋጋውን የከፈለው በእሱ አካል ነው። ገመዱን ከኪንሻሳ በኋላም አልተወውም። በ1975 ማኒላ ላይ ከፍሬዘር ጋር እስከ ሞት አፋፍ ደረሰ፤ በ1980 በላሪ ሆምስ አሥር ዙር ተቀጠቀጠ፤ በ1984 ፓርኪንሰን እንዳለበት ተነገረ። የተቀበላቸው ቡጢዎች በነጻ አልነበሩም። በ1997 ስለ ኪንሻሳው ፍልሚያ የተሠራው “ዌን ዊ ዌር ኪንግስ” የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ኦስካር ሲያገኝ፣ እየተንቀጠቀጠ ወደ መድረኩ የወጣውን አሊን ደግፎ ያወጣው ፎርማን ነበር። አሊ በ2016፣ ፎርማን በ2025 አርፈዋል።

ሦስተኛው ያ “ቦማ ዬ” ሲል ያደረ ሕዝብ ነው። ፍልሚያው አልቆ ዝናብ ሲወርድ እሱ ወደ ቤቱ ገባ፤ ስታዲየሙ ላይ በትልቁ ተሰቅሎ የነበረው የሞቡቱ ፎቶግራፍ ግን አልወረደም። “ቻለው፣ ይደክመዋል” የሚለው ምክር እውነት ቢሆን ኖሮ ከኪንሻሳ ሕዝብ የበለጠ አሸናፊ ባልተገኘ ነበር። ሞቡቱ ግን አልደከመውም። ከዚያች ሌሊት በኋላ ከ22 ዓመት በላይ ገዛ። ከኪንሻሳ የወጣው በሜይ 1997፣ ያ የኦስካር ምሽት ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ነው፤ ያወጣውም ድካም ሳይሆን ወደ ከተማዋ የገሰገሰ ጦር ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ሌላ ረጅም መከራ ነው።

እንግዲህ ቀጣዩ አለቃ፣ ወይም ቀጣዩ “የስኬት” አሰልጣኝ፣ ኪንሻሳን ጠቅሶ ቻሉት ሲላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፤ “የአንደኛውን ዙር አይተኸዋል?” በሉት። እዚያ ዙር ላይ አሊ አልታገሠም። በቀኙ ነው የጀመረው።

ካልተስማማችሁ ደግሞ እሰየው፣ እንጨቃጨቅ። ግን መጀመሪያ ስምንቱንም ዙር እዩና ነጥባችሁን ይዛችሁ ኑ። በተለይ ሁለተኛውን ዙር። እኛ እስካሁን አልተስማማንበትም።