የእናቴ ቤት መብራት

ያደግሁት ወሎ ገጠር ውስጥ ነው፤ በኩራዝ። ጣሳ፣ ክር፣ ላምባ፤ በቃ። ጧት ስንነሣ አፍንጫችን በጥላሸት ጠቁሮ እንሣሣቃለን። በ2001 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ሲያነሣ ግን ሣቁ ቀረ። ላምባ ተወደደ፤ እናቴ «ጥናታችሁን በቀን ጨርሱ» አለችን። ቀን ደግሞ ውኃና እንጨት አለ። እኔ ከ8ኛ ክፍል አላለፍኩም።

እህቶቼ፣ መብራት ላገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የምኒልክ ቤተ መንግሥት በዘመኑ በርቷል። መብራት ኃይልም በ1948 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ለገጠሩ ግን የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን ፈንድ በአዋጅ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ምሰሶው ብዙ ቦታ ደረሰ። ሆኖም «ቀበሌው መብራት ገባለት» ማለት ቤቱ ሁሉ በራ ማለት አልነበረም። ለቆጣሪና ለገመድ መክፈል ያቃተው ሰው ምሰሶው ሥር ሆኖ ኩራዝ ያበራ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ይህን አየ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2025 ሁሉም ሰው መብራት እንዲያገኝ፣ 65 ከመቶው በዋናው መስመር፣ 35 ከመቶው ደግሞ በሶላርና በመሳሰለው እንዲሆን አቀደ። ያኔ መብራት የነበረው 44 ከመቶው ሲሆን ከዚህ ውስጥ 11ዱ ከመስመር ውጭ ነበር።

የእናቴ ቤት ከነዚያ ከመስመር ውጭ ካሉት አንዱ ነው። ሶላሩን የገዛሁት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርቼ ነው። እዚህ መብራት ሲጠፋ ለጄኔሬተር ኢሽትራክ እንደሚከፈለው ሁሉ፣ መንግሥት ያላደረሰውን የኛም ሰው በኪሱ ይገዛል። የመጀመሪያው ርካሽ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ሞተ፣ የሚጠግነውም ጠፋ። ሁለተኛውን ዋስትና ያለው ገዛሁ። አሁን እናቴ ስልኳን ቻርጅ ለማድረግ ገበያ አትወርድም፤ ትንሿ እህቴም ማታ ታጠናለች።

ለሕዳሴው ግድብ ብዙዎቻችን ከደመወዛችን ቦንድ ገዝተናል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እልል ብያለሁ። ያ ዓመት ለሁሉም መብራት ይደርሳል የተባለበት ዓመትም ነበር። እናቴ ግን ዛሬም በሶላሯ ነች። ታሪኩ ሲጻፍ ግድቡና ዕቅዱ ይጻፍ፤ እኛ የላክነውም ይጻፍልን።

እስከዚያው ሶላር የምትልኩ፣ ዋስትናና ደረሰኝ ሳትይዙ አትክፈሉ። አደራ፣ መለዋወጫው በቅርብ ከተማ መኖሩንም አስጠይቁ።