በቀላሉ የማይበሰብሱ መርዛማ ኬሚካሎችና የጤና ጉዳታቸው

ለወባ መከላከያ ለረጅም ዓመታት ሲረጭ የቆየው ዲዲቲ እና በአሮጌ ትራንስፎርመሮች ዘይት ውስጥ የሚገኘው ፒሲቢ ለዓመታት ሳይበሰብሱ በአፈር ይቆያሉ፤ በሰውና በእንስሳት ስብም ይጠራቀማሉ። ፒሲቢ ካንሰር አምጪ መሆኑ ተረጋግጧል። ኢትዮጵያ እነዚህን ኬሚካሎች የሚቆጣጠረውን የስቶክሆልም ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 279/1994 አጽድቃለች።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ የምትገኘው መሐል ሜዳ የወባ ስጋት ባይኖርባትም ከኬሚካሎቹ ሙሉ በሙሉ የራቀች አይደለችም፤ በቆላ ሙቀት የተነነው በነፋስ ተጉዞ በደጋ ብርድ ሊያርፍ ይችላል። ይበልጥ የሚያሰጋው ግን በየቤቱ ያለው ነው። የጸረ-ተባይ ባዶ ጄሪካን፣ በሚገባ ቢታጠብም እንኳ፣ ለውሃም ሆነ ለጠላ መያዣነት መዋል የለበትም። ኬሚካሎቹ በጡት ወተት የሚተላለፉ ቢሆንም እናቶች ጡት ማጥባት እንዲያቆሙ አይመከርም። ጊዜው ያለፈበት ጸረ-ተባይ በእጁ የሚገኝ ነዋሪ ሳይቀብርና ሳያቃጥል ለመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይኖርበታል።